የሱዳንን ጦርነት በአማርኛ ስለመዘገብ፣ ታጣቂ ኃይሎችን ለይቶ ስለመጥራትና መረጃን ስለማጣራት የተሰጠ የአቋም መግለጫ

ማኅበራችን በአማርኛ ዜና የሚያዘጋጁ፣ የሚተረጉሙ፣ የሚያርሙና የሚያነቡ ባለሙያዎች በአገር ውስጥም በውጭም ሆነው ያቋቋሙት የሙያ ማኅበር ነው። በመተዳደሪያ ደንቡ ከተጣሉበት ኃላፊነቶች ቀዳሚዎቹ ሁለት ናቸው፤ የአባላቱን የሙያ ነፃነት ማስጠበቅ፣ እንዲሁም አድማጭና አንባቢ የተጣራ መረጃ እንዲያገኝ መሥራት። ጠቅላላ ጉባኤው በጎረቤት አገር ሱዳን የሚካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት በአማርኛ የሚዘገብበትን ሁኔታ፣ ከአባላት ከቀረቡ አቤቱታዎች ጋር አገናዝቦ መርምሯል። በጉዳዩ ላይ በስፋት ተወያይቶም ይህን የአቋም መግለጫ አውጥቷል።

ጦርነቱ የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ቅዳም ስዑር ነበር። በካርቱም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለፋሲካ ዋዜማ ሲሰናዱ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ደግሞ የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት ሲጾሙ፣ በጄኔራል አብደል ፋታህ አል ቡርሃን የሚመራው የሱዳን ጦር እና በመሐመድ ሃምዳን ዳጋሎ (ሄሜቲ) የሚመሩት የፈጣን ድጋፍ ኃይሎች በከተማዋ መሃል ተኩስ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን የገቡት ጥቂት አይደሉም። ለአማርኛ አድማጭ ይህ ጦርነት የሩቅ አገር ዜና አይደለም። ልጁ፣ እህቱ ወይም ጎረቤቱ ካርቱም ሰው ቤት ስትሠራ፣ ሻይ አፍልታ ስትሸጥ የኖረችበት ቤተሰብ፣ ከሬዲዮው የሚሰማውን እያንዳንዱን ቃል አመዛዝኖ ይወስናል፤ ገንዘብ ልላክ ወይስ አልላክ፣ «ውጪ» ልበላት ወይስ «ከቤት እንዳትወጪ» ይላል።

ጉባኤው ከመረመራቸው ጉዳዮች አንዱን እዚህ ማስፈር ተገቢ ነው። አንዲት እናት ከአባሎቻችን አንዷ ወደምትሠራበት ጣቢያ ስልክ ደወሉ። ልጃቸው ካርቱም ናት። ማታ በዜናው «ፈጥኖ ደራሽ ሰፈሩን ተቆጣጠረ» ሲባል ሰምተዋል። «ፖሊስ ደረሰላቸው ብዬ እግዜርን አመስግኜ ተኛሁ፤ ዛሬ ግን ስልኳ አይሠራም፣ ምን ማለታችሁ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ባልደረባችን የምትመልሰው ጠፋት። በዜናው ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል አልነበረም። ነገር ግን በእኛ አገር «ፈጥኖ ደራሽ» ሲባል ሰው የሚያውቀው ፖሊስን ነው። በዜናው በዚህ ስም የተጠራው የሄሜቲ ኃይል ግን በምዕራብ ሱዳን በዳርፉር ጦርነት ጃንጃዊድ ተብለው ከሚታወቁት ሚሊሻዎች ተውጣጥቶ በ2005 ዓ.ም. የተደራጀ፣ በ2009 ዓ.ም. በሕግ ዕውቅና ያገኘ፣ የራሱ አዛዥና የራሱ የወርቅ ንግድ ያለው ጦር ነው። ትርጉሙ ለቃሉ የቀረበ ነበር፤ ለሰሚዋ ግን አሳሳች ሆነ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በጦርነት ግን ስም የሚያወጣው ባላንጣ ነው። የሱዳን ጦር የፈጣን ድጋፍ ኃይሎችን «አማፂው የዳጋሎ ሚሊሻ» ይላቸዋል። እነሱ በበኩላቸው ጦሩን የቀድሞው ፕሬዝዳንት የኦማር አል በሽር ሥርዓት ርዝራዥ፣ የእስላማዊው ንቅናቄ መሣሪያ አድርገው ይጠሩታል። ሁለቱም ስያሜዎች የእውነት ፍርፋሪ ስላለባቸው በቀላሉ ይዋጣሉ፤ ሁለቱም የሚደብቁት ነገርም አለ። ዛሬ «አማፂ» የተባለው ኃይል በ2011 ዓ.ም. አል በሽር ሲወገዱ የመንግሥት አካል ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሃምዶክን የሽግግር መንግሥት የገለበጡት ሁለቱ ጄኔራሎች አንድ ላይ ሆነው ነው። ይህን ሳይናገር አንዱን በደፈናው «ሕጋዊ»፣ ሌላውን በደፈናው «ወንበዴ» ብሎ የሚጀምር ዘገባ፣ አድማጩን የአንደኛው ወገን የመግለጫ ተቀባይ ያደርገዋል።

ከሁለቱ በተጨማሪ በሱዳን የሚዋጉት ወይም ከውጊያው ውጭ ለመሆን የሚሞክሩት ኃይሎች ብዙ ናቸው፤ ስማቸውም ይመሳሰላል። የሱዳን ሕዝብ ነፃነት ንቅናቄ ሰሜን በ2009 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የማሊክ አጋር ክንፍ ከጦሩ ጎን ቆሞ፣ መሪው አገሪቱን በሚመራው ሉዓላዊ ምክር ቤት ውስጥ ቀድሞ ሄሜቲ የነበሩበትን የምክትልነት ቦታ ይዘዋል። በኑባ ተራሮች የሚገኘው የአብደልአዚዝ አል ሂሉ ክንፍ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ከፈጣን ድጋፍ ኃይሎች ጋር ኅብረት ፈርሟል። የሱዳን ነፃ አውጪ ንቅናቄም እንዲሁ ነው፤ የሚኒ ሚናዊ ክንፍ ከጦሩ ጋር ሲሰለፍ፣ የአብዱል ዋሂድ አል ኑር ክንፍ ጀበል መራን ይዞ ገለልተኛ ነኝ ብሏል። ከጦሩ ጎን የተሰለፈው አል በራእ ኢብን ማሊክ የተባለው እስላማዊ ብርጌድም አለ። «ንቅናቄው ጥቃት ፈጸመ» ብሎ የክንፉንና የመሪውን ስም የሚያስቀር ዜና፣ ያላጠፋውን ወንጅሎ ያጠፋውን ይሸሽጋል።

ስያሜ ከአሰላለፍ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የጀዚራ ግዛት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በአቡ አቅላ ኬይካል የሚመራው «የሱዳን ጋሻ» የተባለ ኃይል ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከፈጣን ድጋፍ ኃይሎች ጋር ተቀላቀለ። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የግዛቲቱ ዋና ከተማ ዋድ መዳኒ በፈጣን ድጋፍ ኃይሎች እጅ ስትወድቅ ኬይካል የግዛቲቱ አዛዥ ሆነ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ወደ ጦሩ ዞረ፤ የቀድሞ ባልደረቦቹም በምሥራቅ ጀዚራ መንደሮች ላይ የበቀል ጥቃት አደረሱ። ጥር 2017 ዓ.ም. ከጦሩ ጋር ዋድ መዳኒን ለማስመለስ በተደረገው ዘመቻ ተሰለፈ፤ በዚያው ወቅት በካናቢ ነዋሪዎች፣ ማለትም ከምዕራብ ሱዳን መጥተው በእርሻ ሥራ በሚተዳደሩ ሰዎች ላይ ለተፈጸመ ግድያ ሂውማን ራይትስ ዎች ይህንኑ ኃይል ተጠያቂ አድርጓል። ሰውየው አንድ፣ ታጣቂዎቹም በአብዛኛው እነዚያው ናቸው፤ በአሥራ ስምንት ወራት ውስጥ ግን «የሚሊሻው አዛዥ» ከመባል «ወደ አገሩ የተመለሰ ጀግና» ወደ መባል ተሻገረ። የተለወጠው የመግለጫ አውጪው ፍላጎት ነው። የመንደርተኛው መከራ አልተለወጠም።

የመረጃው ሁኔታም ከስያሜው ያልተናነሰ ፈተና ነው። በኦምዱርማን የሚገኘው የሱዳን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ለአንድ ዓመት ገደማ በፈጣን ድጋፍ ኃይሎች እጅ ነበር። ጥር መጨረሻና የካቲት 2016 ዓ.ም. ላይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው አገሪቱ ተቋረጠ። በርካታ ሱዳናውያን ጋዜጠኞች ተገድለዋል፣ ታስረዋል፣ ተሰድደዋል። ባዶ የቀረውን ቦታ የሞላው ማን እንደሆነ ግልጽ ያልሆነ ምንጭ ነው። ጦርነቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የፈጣን ድጋፍ ኃይሎች ነኝ የሚል ሰማያዊ ምልክት ያለው ሐሰተኛ የትዊተር ገጽ ሄሜቲ መሞታቸውን አወጀ። ወራት ሳይቆጠሩ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ የኦማር አል በሽር ድምፅ በቲክቶክ ይሰራጭ ጀመር። ለአባሎቻችን በየምሽቱ በቴሌግራም የሚደርሰው ቪዲዮም የዚሁ አካል ነው። አንድ ባልደረባችን «ዛሬ ኤል ፋሽር» ተብሎ የተላከለትን ቪዲዮ አቁሞ፣ አጉልቶ፣ ከሯጮቹ ጀርባ ያለችውን የሱቅ ታፔላ አነበበ። በታፔላዋ ላይ የተጻፈው የስልክ ቁጥር የሱዳን አልነበረም። ይህን ለማየት የወሰደበት አርባ ደቂቃ ነው። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ሌሎቹ ለቀውታል፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» ተብሏል።

ይህ ማለት ግን በማጣራት ስም ዝም ማለት ይቻላል ማለት አይደለም። የሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ ኤል ፋሽር ከ500 ቀናት በላይ ተከባ ቆይታ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈጣን ድጋፍ ኃይሎች እጅ ስትወድቅ፣ የስልክ ግንኙነቱ ተቆርጦ ነበር። ሆኖም ተዋጊዎቹ ራሳቸው የቀረጿቸው የግድያ ቪዲዮዎች፣ በእግራቸው አምልጠው ከከተማዋ የወጡ ሰዎች የሰጡት ምስክርነትና የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያነበቧቸው የሳተላይት ምስሎች ተመሳክረው፣ ሲቪሎች በጅምላ መገደላቸውን አሳይተዋል። ማስረጃው እንዲህ በተደራረበበት ቦታ «ሁለቱም ወገኖች ይካሰሳሉ» ብሎ ማለፍ ሚዛናዊነት አይደለም። ስያሜን በእኩል ጥንቃቄ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ በደልን በእኩል ማካፈል ሌላ ነገር ነው።

ቁጥርም ስም የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በጦርነቱ የመጀመሪያ 14 ወራት በካርቱም ግዛት ብቻ ከ61 ሺህ በላይ ሰዎች ሳይሞቱ እንዳልቀሩ የለንደን የንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ገምተዋል። ከእነዚህ በጥቃት የተገደሉት ወደ 26 ሺህ ይጠጋሉ፤ የቀሩት በሽታን ጨምሮ በሌሎች ምክንያቶች ያለፉ ናቸው። በአማርኛ «በካርቱም 61 ሺህ ሰው ተገደለ» ተብሎ ሲተላለፍ ቁጥሩ የተጋነነ ብቻ አይሆንም። ሐኪም ቤቱ ተዘግቶበት፣ መድኃኒት አጥቶ አልጋው ላይ የሞተው ሰው የአሟሟት ታሪክም ይጠፋል።

ያልተለየ ስም ድንበር ተሻግሮ ሰው እንደሚገድልም አይተናል። ጥር 2017 ዓ.ም. በዋድ መዳኒ ደቡብ ሱዳናውያን ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ጁባ ደረሱ። ቁጣው በወጉ ተለይቶ ወደ ገዳዮቹ አልሄደም፤ «ሱዳናውያን ናቸው» በሚል በጁባ ሱቅ ከፍተው ወደሚኖሩ ሰዎች ዞረ። በሁከቱ 16 ሱዳናውያን መገደላቸውን የደቡብ ሱዳን ፖሊስ አስታወቀ። እነዚያ ባለሱቆች ዋድ መዳኒ አልነበሩም። መተማ ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ካርቱም ላይ አብረው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ባሉበት፣ የአማርኛ ዜና ይህን ሊዘነጋ አይገባም። ተዋጊ ወገኖች ባላንጣቸውን የውጭ ዜጋ ቅጥረኞችን አሰልፏል ብለው ደጋግመው ይከሳሉ። ማስረጃ ሳይጠየቅ በአማርኛ የሚደገም እንዲህ ያለ ክስ መጀመሪያ የሚደርሰው ካርቱም ወይም ገዳሪፍ በቀረ ስደተኛ ላይ ነው።

ይህን የምንለው በጎረቤት ለመፍረድ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በራሳችን አገር በተካሄደው ጦርነት፣ በመግለጫ የተፈበረኩ ስያሜዎች ወደ ዜና ሲገቡ፣ ከዜናም ወርደው የጎረቤትና የሥራ ባልደረባ መጠሪያ ሲሆኑ፣ በመጨረሻም የእስር ሰበብ ሲሆኑ አይተናል። ከዚያ የተማርነውን ዛሬ ስለ ሱዳን ካልተገበርነው፣ ትምህርቱን ወስደናል ለማለት አንደፍርም።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተሉትን አቋሞች ወስዷል።

1. ማንኛውም ታጣቂ ኃይል በቅድሚያ ራሱን በሚጠራበት መደበኛ ስም ይጠራ፤ ምንነቱንም የሚያስረዳ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይከተለው። የሄሜቲን ኃይል በተመለከተ አባላት «የፈጣን ድጋፍ ኃይሎች» የሚለውን ስም እንዲጠቀሙ፣ «ፈጥኖ ደራሽ» የሚለው በሚቀጥልባቸው ጣቢያዎችም ኃይሉ ፖሊስ አለመሆኑ በእያንዳንዱ ዘገባ እንዲገለጽ ማኅበራችን ይጠይቃል።

2. «አማፂ»፣ «ሽፍታ»፣ «ርዝራዥ»፣ «ቅጥረኛ»፣ «አሸባሪ» እና የመሳሰሉት ቃላት የባላንጣ ቃል ሆነው ሲመጡ፣ ከተናጋሪያቸው ስም ጋር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ብቻ ይቀመጡ። የዜና አዘጋጁ የራሱ ቃል አድርጎ አይውሰዳቸው።

3. የተከፈሉ ንቅናቄዎች በክንፋቸውና በመሪያቸው ስም ይለዩ። አሰላለፉን የለወጠ ኃይል ሲጠቀስ ከማን ጋር እንደነበረና መቼ እንደተሻገረ ይነገር፤ ወገን መቀየር ካለፈ ድርጊት ነፃ ማውጫ ተደርጎ አይቅረብ።

4. የደንብ ልብስ፣ የጥምጥም አጠማጠም፣ የአረብኛ አነጋገር ወይም የመልክ ምልክት ብቻውን የታጣቂን ማንነት አያረጋግጥም። የደንብ ልብስ ይማረካል፣ ይሸጣል፣ ይለበሳል። ሰዎች በዘራቸውና በመጡበት አካባቢ «ተባባሪ» ተብለው በሚገደሉበት አገር፣ በእንዲህ ያለ ምልክት ብቻ ሰውን መፈረጅ ሙያዊ ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሰው ሕይወት ያስጠፋል።

5. እያንዳንዱ የጥቃት ዘገባ ማን እንደተናገረው፣ ተናጋሪው እንዴት እንዳወቀው፣ የትና መቼ እንደደረሰ፣ ከሌላ ነፃ ምንጭ ጋር መመሳከር አለመመሳከሩን ይግለጽ። «ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚለው ቃል በዜናው ጅራት ሳይሆን በመግቢያው ላይ ይቀመጥ።

6. የሟቾችና የተፈናቃዮች ቁጥር ከቆጣሪው ስም፣ ከሸፈነው ቦታና ጊዜ እንዲሁም ከሞቱ ምክንያት ጋር ይቅረብ። ግምት ግምት ተብሎ ይጠራ።

7. ምንጩ፣ ቦታውና ጊዜው ያልተጣራ ቪዲዮ አይተላለፍ። የተጣራ ቢሆንም የምርኮኞች ፊት፣ የተደፈሩ ሴቶች ማንነትና የሟቾች ገላ ለእይታ መሳቢያ አይዋል። ገዳዮች ለማስፈራሪያ የቀረጹትን ምስል ሳያሳጥሩ ማስተላለፍ የማስፈራሪያው ተባባሪ መሆን ነው።

8. ማስረጃ በተመሳከረበት ድርጊት ላይ አድራጊው በግልጽ ይጠራ። ተጠያቂነት ለኃይሉ፣ ለአዛዡና ለድርጊቱ እንጂ ለብሔረሰብ፣ ለሃይማኖት ወይም ለዜግነት አይሰጥ።

9. አሠሪዎችና የጣቢያ ኃላፊዎች ለማጣራት የሚያስፈልገውን ጊዜ እንዲሰጡ፣ ያልተጣራ ዜና አላነብም ወይም አልተረጉምም ያለን ባለሙያ በደመወዝ፣ በዝውውርም ሆነ በውል እንዳይቀጡ፣ ስህተት ሲፈጸምም እርማቱ ስህተቱ በተላለፈበት ሰዓትና ክብደት እንዲነገር ማኅበራችን አጥብቆ ያሳስባል።

10. በሱዳን ውስጥ ሆነው መረጃ የሚያቀብሉ ጋዜጠኞች፣ ሐኪሞችና የሰፈር በጎ ፈቃደኞች ደኅንነት ከዜናው ይቅደም። ስማቸውና ያሉበት ሰፈር ያለ ፈቃዳቸው አይገለጽ። ሥራቸውን የምንጠቀም ከሆነ ዋጋቸው ይከፈላቸው፤ ስማቸው መጠራት የሚችልበት ቦታም ይጠራ።

ማኅበራችን እነዚህን አቋሞች በወረቀት ላይ ለመተው አላወጣቸውም። በሱዳን የሚንቀሳቀሱ ታጣቂ ኃይሎችን ስም፣ መሪና አሰላለፍ የያዘ የአማርኛ መጠሪያ መዝገብ አዘጋጅቶ በየጊዜው እያደሰ ለአባላት ያደርሳል። አረብኛ የሚያውቁ አባላት ለማያውቁት በማጣራት ሥራ የሚያግዙበትን መንገድ ያመቻቻል። በነዚህ መርሆዎች በመጽናቱ «የእገሌ ደጋፊ» ተብሎ ለሚወነጀል፣ ለሚዛትበት ወይም ከሥራው ለሚገፋ አባል በሙሉ ውክልና ይቆምለታል። መርሆዎቹን አውቆ የሚጥስ አባልም በደንቡ መሠረት ይጠየቃል።

ከላይ የጠቀስናት ባልደረባችን፣ ከእናትየዋ ጥሪ በኋላ በማግስቱ ዜና ላይ «ይህ ኃይል ፖሊስ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምራ ነበር። አራት ቃል ነው። ሰዓት አይበቃም ተብሎ ከመነበቡ በፊት ተሰረዘ። ጠቅላላ ጉባኤው ይህን ከሰማ በኋላ የወሰደው ውሳኔ በአጭሩ ሲገለጽ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲነበብ የሚጠይቀው አንድ አባል ብቻውን ሳይሆን ማኅበሩ በሙሉ ነው።

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ